የወሎን የባህል መድኃኒት ተክሎች በባክቴሪያ ላይ መፈተሽ፦ ከአዋቂው ደጃፍ እስከ ላቦራቶሪው ንባብ

በወሎ አንድ ቅጠል «ቁስል ያደርቃል» ተብሎ ሲነገር ለመርማሪው ገና ምንም አልተነገረም። የትኛው ቅጠል? ቁስሉን ያመረቀዘውስ ምንድን ነው? የደረቀውስ በቅጠሉ ነው ወይስ ከቅጠሉ ጋር በተለወሰው ማር? የላቦራቶሪ ፍተሻ እነዚህን ጥያቄዎች ለየብቻ አውጥቶ የሚመልስ ሥራ ነው። ዕውቀቱን ማክበር ማለት በትክክል መፈተሽ ማለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በግዴለሽነት የተሠራ ፍተሻ አዋቂውንም በሽተኛውንም ይበድላል።

መመሪያው የተጻፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በአካባቢው የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ ተማሪዎችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ የጤናና የትምህርት ተቋማት መሣሪያዎቻቸውን አጥተዋል፤ ስለዚህ ውድ መሣሪያ በሌለበት የሚሠራበትንም መንገድ አብሬ አስቀምጣለሁ። የማልደራደርበት አንድ ነገር አለ። በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚራባው የደኅንነት ካቢኔት፣ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተህዋሲ የሚገድል ማሽን) እና ኃላፊነት የሚወስድ ባለሙያ ባለበት ላቦራቶሪ ብቻ ነው። በመኖሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከመግል ባክቴሪያ አሳድጎ መሞከር ሰው ሊገድል ይችላል።

በሽታውንና ተህዋሲውን ማገናኘት

ብዙ ጥናት የሚበላሸው ቅጠል ከመቆረጡ በፊት ነው። አዋቂው የሚያክመው ሕመም በባክቴሪያ የሚመጣ ካልሆነ ተክሉን በባክቴሪያ ላይ መሞከር ስለ መድኃኒቱ የሚነግረን ነገር የለም። ጭርትና ቋቁቻ ከፈንገስ ይመጣሉ። እከክን የምታመጣው ቆዳ ውስጥ የምትገባ ጥቃቅን ተባይ ናት። ኮሶ ትል ነው። የዓይን ማዝ ባክቴሪያ ያመጣዋል፤ ነገር ግን ያ ባክቴሪያ የሚኖረው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ በተለመደው የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን ላይ አይበቅልም።

ዳማከሴን እንውሰድ። ምች ሲመታ ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው ይጠጣል፣ ፊትና ግንባርም ይቀባል። ምች የምንለው ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ያለበት ሕመም ሲሆን የከንፈሩ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሄርፐስ ቫይረስ ሥራ ነው። እንግዲህ ዳማከሴን ስታፊሎኮከስ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ ሞክሮ «ለምች ይሠራል» ማለትም «ለምች አይሠራም» ማለትም ከፍተሻው የማይወጣ መደምደሚያ ነው። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ሳነብ ያሳዝነኛል፤ ያ ሁሉ ድካም ለተሳሳተ ጥያቄ ውሏልና።

ለጀማሪ የምመክረው እባጭ፣ ቡግንጅና የሚመግል ቁስል ላይ የሚደረጉ ተክሎችን ነው። የእባጭና የቡግንጅ ዋና አምጪ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፤ በቀላሉ ይበቅላል፣ ውጤቱም በማግስቱ ይታያል። ከዚህ የበለጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የሚቀባ መድኃኒት ቁስሉ ላይ የሚያርፈው አዋቂው እንዳዘጋጀው ወፍራም ሆኖ ነው፤ ሳህን ላይ ከምንሞክረው ጋር ይቀራረባል። የሚጠጣው መድኃኒት ግን በሆድ ይለወጣል፣ በጉበት ያልፋል፣ በደምም ይቀጥናል፤ ሳህን ላይ የሠራው ሰውነት ውስጥ ይሠራ እንደሆነ በዚህ ዘዴ ሊታወቅ አይችልም። ለቆየና ለቃጠሎ ቁስል ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳን ጨምሩ። ለተቅማጥ ኢ. ኮላይ፣ ሺጌላና ሳልሞኔላ፣ ለሽንት ቧንቧ ደግሞ ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ ይወሰዳሉ።

አዋቂውን መጠየቅ

ወሎ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያውቁት ሼህ፣ ደብተራ፣ ወጌሻ ወይም በጎረቤት ብቻ የሚታወቁ እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ማስታወሻ ደብተር አታውጡ። ማን እንደላካችሁ፣ ለምን እንደምትጠይቁና ውጤቱ የት እንደሚወጣ በግልጽ ተናገሩ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለመጠቀም ቀድሞ ማሳወቅና ፈቃድ ማግኘት እንደሚገባ ይደነግጋል። የተቋማችሁን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከጉዞው በፊት ያዙ። አዋቂው ሊሰውሩት የሚፈልጉት ነገር ካለ አትጫኗቸው፤ የተሰወረውን ትታችሁ የተፈቀደውን ብቻ መዝግቡ።

ከጥያቄ ሁሉ የሚበልጠው «አባባ፣ ሲያዘጋጁት እንድናይ ይፈቅዱልናል?» የሚለው ነው። ከተፈቀደ ትንሽ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። አዋቂው «አንድ ጭብጥ ቅጠል» ሲሉ ጭብጣቸውን ሦስት ጊዜ አስጭብጣችሁ መዝኑና አማካዩን ጻፉ። «ቁንጥር» ሲሉም እንደዚሁ። ውሃው የሚለካበትን ሲኒ ወይም ጣሳ በሚሊ ሊትር ለኩ። ይህ ሰነፍ የሚዘለው፣ ለጥናቱ ግን የጀርባ አጥንት የሆነ ሥራ ነው። በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ «የአዋቂው መጠን» ብለን የምንሞክረው ከዚህ ይነሣል።

ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦ እርጥቡን ነው ደረቁን? ቅጠሉን፣ ቅርፊቱን፣ ሥሩን ወይስ ፍሬውን? በውሃ፣ በማር፣ በቅቤ ወይስ በሌላ ነው የሚለወሰው? ስንት ሰዓት ያድራል? እሳት ያየዋል? ለማን አይሰጥም? የመጨረሻውን አትርሱ። «ለእርጉዝ አይሰጥም፣ ለሕፃን አይሰጥም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ስለ መርዛማነቱ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። «ፀሐይ ሳትወጣ ነው የሚቆረጠው» ከተባላችሁም ሳትከራከሩ መዝግቡ፤ መዓዛ ባላቸው ተክሎች ውስጥ ያለው ዘይት መጠን ከቀኑ ሰዓት ጋር ይለዋወጣልና ሰዓቱ ራሱ መረጃ ነው።

ተክሉን ማወቅና ማንሣት

በስም ብቻ አትመኑ። ሰንሰልና ስሚዛ በብዙ ቦታ የአንድ ተክል ሁለት ስሞች ናቸው፤ ወደ ከሚሴ ወረድ ስትሉ ኦሮምኛ ተናጋሪው ዱሙጋ ይለዋል። ብሳናውም በዚያ በካኒሳ ይሆናል። እሬት የሚለው አንድ ስም ደግሞ ልዩ ልዩ የእሬት ዝርያዎችን ይሸፍናል። በባቲ የሰኞ ገበያ ሥርና ቅርፊት ገዝቶ ወደ ላቦራቶሪ መሮጥ ያጓጓል፤ ቅጠልና አበባ የሌለው ሥር ግን በእርግጠኝነት ሊለይ አይችልም። ከገበያው ስሙንና የሚበቅልበትን ቦታ ተምራችሁ ወደ ተክሉ ሂዱ።

አበባ ወይም ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ዘርግታችሁ በጣውላ አጥብቁት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ካልሆነ ይሻግታል። መለያው ላይ የአካባቢውን ስም፣ ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የአበባውን ቀለም (ሲደርቅ ስለሚጠፋ) እና የሰብሳቢውን ስም ጻፉ። ናሙናው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) ወይም በሌላ ብቁ ባለሙያ ተለይቶ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ቁጥር የሌለው ተክል የማይታወቅ ተክል ነው፤ ጥናቱን ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም።

ሥር ከመንቀል በፊት አዋቂው በቅጠሉ ይጠቀሙ እንደሆነ ጠይቁ። ቀበሪቾን የመሰለ ተክል ለጭሱ ሲባል ከነሥሩ እየተነቀለ ተመናምኗል። ለፍተሻ 50 ግራም ደረቅ ዱቄት ስለሚበቃ ተራራ ማራቆት አያስፈልግም።

ማድረቅ

ቅጠሉን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ በስሱ ዘርጉት። ፀሐይ ላይ አታስጡ። በክረምት የጦሳ ጉም ደሴን ሲሸፍን ቅጠል ለመድረቅ ብዙ ቀን ይወስዳል፣ በመካከሉም ይሻግታል። ሻጋታ ተራ ብልሽት እንዳይመስላችሁ፤ ፔኒሲሊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1928 በአሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሳህን ላይ የታየው ከሻጋታ ነው። የሻገተ ቅጠል ባክቴሪያ ቢገድል የገደለው ተክሉ ይሁን ሻጋታው የሚለይበት መንገድ የለም። በሐምሌና በነሐሴ የምትሠሩ ከሆነ ቅጠሉን ወደ ኮምቦልቻ አውርዳችሁ አድርቁ፤ ሞቃቱ አየር ሥራውን ያፋጥነዋል። ቅጠሉ በእጅ ሲጨበጥ ተንኮሻኩሾ ከተሰበረ ደርቋል። ፍጩና በጨለማ፣ በታሸገ ዕቃ አስቀምጡ።

ሁሉም ተክል ግን አይደርቅም። ነጭ ሽንኩርት ኃይሉን የሚያገኘው ሲቀጠቀጥ ከሚፈጠረው አሊሲን ሲሆን አሊሲን በሙቀትና በጊዜ ይፈርሳል፤ የሚፈተሸው ወዲያው ተጨምቆ ነው። በደጋው የሚበቅለው ጦስኝም ሥራውን የሚሠራው በሚተን ዘይቱ ነው። ፈሳሹን ስታተንኑ ዘይቱ አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ በእንፋሎት አጣርቶ ዘይቱን ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል።

ጭማቂውን ማውጣት

ከአንድ ተክል ሁለት ጭማቂ አውጡ፤ አንዱ በአዋቂው መንገድ፣ ሌላው በላቦራቶሪው መንገድ። ክትክታ ይህን በደንብ ያስረዳል። በባቲ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ዙሪያ ባሉት ገላጣ ተዳፋቶች የሚበቅለው ክትክታ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት የሚያጣብቅ ሙጫ አለው። ይህ ሙጫ በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ በሜታኖልና በቅባት ግን ይሟሟል። በውሃ ብቻ ዘፍዝፎ «ክትክታ አይሠራም» የሚል ሰው ሙጫውን ከዱቄቱ ጋር ጥሎታል። ቅቤ የሚቀላቅለው አዋቂ ግን ሳይነገረው ሙጫውን የሚያወጣውን ነገር ይዟል።

የላቦራቶሪው መንገድ እንዲህ ነው። 50 ግራም ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፉ። ለ72 ሰዓት እየነቀነቃችሁ አቆዩ፤ መነቅነቂያ ማሽን ከሌለ በየጥቂት ሰዓቱ በእጅ ነቅንቁ። በንጹህ ጨርቅ፣ ቀጥሎም በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት አጥልሉ። ዝቃጩን በአዲስ ሜታኖል ሁለት ጊዜ ደግማችሁ ዘፍዝፉና የወጣውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጉ። ሜታኖሉን በ40 ዲግሪ በሮታሪ ኢቫፖሬተር አትንኑ። መሣሪያው ከሌለ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ፣ 40 ዲግሪ በሆነ የሞቀ ውሃ ገንዳ (ዋተር ባዝ) ላይ፣ ጭስ ማውጫ ባለው ቦታ አትንኑት። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፣ እሳትም ይይዛል፤ ግልጽ ነበልባል አጠገቡ አይኑር። የቀረውን ወፍራም ጭማቂ መዝኑ። ለምሳሌ ከ50 ግራም 6 ግራም ከወጣ ምርቱ 12 በመቶ ነው። በማቀዝቀዣ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ።

ለፍተሻ ሲደርስ 1 ግራም ጭማቂ መጀመሪያ በ1 ሚሊ ሊትር ንጹህ ዲኤምኤስኦ (በውሃ በደንብ የማይሟሟውን የሚያሟማ ፈሳሽ) አሟሙ፤ ከዚያ በመከነ (ከተህዋሲ ሁሉ በጸዳ) ውሃ እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሙሉ። አሁን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም አላችሁ፣ ዲኤምኤስኦውም 10 በመቶ ነው። በ0.45 ወይም በ0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አሳልፉት። ከዚያ ጠብታውን ባዶ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ አድርጋችሁ አሳድሩ፤ ምንም ካልበቀለ ንጹህ ነው።

ማምከን፣ በደሴ ከፍታ

ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ፤ ከሌላ አገር የመጡ መመሪያዎች አይነግሯችሁም። «15 ፒኤስአይ (የግፊት መስፈሪያ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» የሚለው ልማድ ባሕር ጠለል ላይ የተለካ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፣ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በአውቶክሌቩ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ መርፌው 15 ሲነካ ውስጡ 121 አልደረሰም፤ 116 ወይም 117 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ስፖሮች በዚህ ሙቀት በ15 ደቂቃ አያልቁም።

121 ዲግሪ ለመድረስ ደሴ ላይ 19 ፒኤስአይ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ደግሞ 18 ፒኤስአይ ያህል ያስፈልጋል። ሙቀቱን ራሱ የሚለካ ዲጂታል አውቶክሌቭ ካላችሁ ማሽኑ ያስተካክለዋል። በግፊት ብቻ የሚሠራው አሮጌው ዓይነት ከሆነ አምራቹ የፈቀደውን ግፊት አረጋግጡ፤ ከ15 በላይ ካልፈቀደ ጊዜውን ወደ 45 ደቂቃ አራዝሙና በስፖር አምፑል (ስፖሮቹ መሞታቸውን በሚያሳይ መፈተሻ) ፈትሹ። ቀለሙ የሚቀየረው ቴፕ ዕቃው ሙቀት ማየቱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። በየትኛውም ዓይነት እንፋሎቱ አየሩን ጠርጎ ሳያስወጣ ማስወጫውን አትዝጉ።

ሙለር ሂንተን አጋር በሊትር 38 ግራም ይሟሟል። ከመከነ በኋላ ወደ 45–50 ዲግሪ ሲበርድ በ90 ሚሊ ሜትር ፔትሪ ዲሽ 25 ሚሊ ሊትር ያህል አፍስሱ፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሳህኑ ከዚህ ከሳሳ ክቡ (በጭማቂው ዙሪያ ባክቴሪያ ሳይበቅል የሚቀረው ጠራ ያለ ቦታ) ይሰፋል፣ ከወፈረም ይጠባል። ስለዚህ ሳህኑን በማያዘነብል ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ ያዘነበለ ጠረጴዛ በአንድ ሳህን ውስጥ ሁለት ዓይነት ውጤት ይሰጣል።

ባክቴሪያውና ሳህኑ

ለመጀመሪያው ፍተሻ መለኪያ ዝርያዎችን (ኤቲሲሲ ከሚባለው የባክቴሪያ ስብስብ፣ በቁጥር የሚታወቁ) ያዙ፦ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ኤቲሲሲ 25923፣ ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922፣ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ኤቲሲሲ 27853። ከሆስፒታል የተገኙ፣ መድኃኒት የተላመዱ ዝርያዎች የሚቀጥሉት የሥነ ምግባር ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው።

የባክቴሪያው ብዛት የሚለካው በማክፋርላንድ 0.5 (የድፍርስነት ማመሳከሪያ ቱቦ) ነው። ለማዘጋጀት 0.05 ሚሊ ሊትር 1.175 በመቶ ባሪየም ክሎራይድ ከ9.95 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ቀላቅሉ። አሲዱን ስታቀጥኑ አሲዱ ወደ ውሃው ይገባል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ቱቦውን አጥብቃችሁ ዝጉና ከብርሃን አርቁ። ትናንት ያደረ ባክቴሪያ በጨው ውሃ በጥብጡና ከዚህ ቱቦ ጋር፣ ከኋላቸው ጥቁር መስመር ያለበት ነጭ ካርድ አድርጋችሁ፣ አመሳስሉ። ሲመሳሰል ብጥብጡ በሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ባክቴሪያ አለው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ተጠቀሙበት።

በመከነ የጥጥ እንጨት ነክራችሁ፣ በቱቦው ግድግዳ ጨምቃችሁ፣ ሳህኑን በሦስት አቅጣጫ እያዞራችሁ ሙሉ በሙሉ ቀቡ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ጉድጓዶች አውጡ፤ በአንድ ሳህን ከአምስት አይብለጡ። የጉድጓዱን ታች በአንድ ጠብታ የቀለጠ አጋር ድፈኑ፣ አለዚያ ጭማቂው ከሥር ሾልኮ ይሄዳል። በእያንዳንዱ 100 ማይክሮ ሊትር ጨምሩ፣ ለአንድ ሰዓት በክፍሉ ሙቀት አቆዩ፣ ከዚያ በ35–37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት አሳድሩ። መብራት የሚጠፋበት ቀን ከሆነ የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ፤ ረጅም ከሆነ ሥራውን ድገሙ። ሁሉም ነገር ቢያንስ በሦስት ሳህን ይሠራል።

ማነጻጸሪያዎቹ

የፍተሻው ዋጋ ያለው እዚህ ነው። ጠራ ያለ ክብ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው አጠገቡ ካለው ጋር ሲተያይ ነው።

በየሳህኑ የሟሟበትን ፈሳሽ ብቻ የያዘ ጉድጓድ ይኑር፤ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ራሱ ክብ ካወጣ የጭማቂው ክብ አይታመንም። ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት 10 ማይክሮ ግራም የያዘ ዲስክም (ትንሽ ክብ ወረቀት) ይኑር። በኢ. ኮላይ 25922 ላይ ክቡ ከ19 እስከ 26፣ በስታፊሎኮከስ 25923 ላይ ከ19 እስከ 27 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ አጋሩ፣ ብጥብጡ ወይም ዲስኩ ችግር አለበትና የዚያን ቀን ውጤት ጣሉ፤ «ጭማቂው ግን ጥሩ ነበር» ብላችሁ አታስቀሩት።

አዋቂው ማር የሚቀላቅሉ ከሆነ ማር ብቻውን፣ በተመሳሳይ መጠን፣ ከዚያው ቀፎ ወይም ከዚያው ሻጭ ይሞከር። ማር በስኳሩ ብዛት፣ በአሲድነቱና ሲቀጥን በሚያመነጨው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያ ይገታል። ይህ ማነጻጸሪያ የጎደለው የማርና ቅጠል ጥናት የማን ሥራ እንደተለካ አይታወቅም። ቅቤ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፤ ቅባት በአጋር ውስጥ አይሰርግም። ስለዚህ በቅቤ የተለወሰው ክብ ባያወጣ አትፍረዱበት።

ማንበብ

ክቡን ከሳህኑ ጀርባ፣ በጥቁር መደብ ላይ፣ በካሊፐር በሚሊ ሜትር ለኩ፤ የጉድጓዱ 6 ሚሊ ሜትር የተካተተ መሆኑን ጻፉ። ታኒን (አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር) የበዛባቸው ቅርፊቶች በጉድጓዱ ዙሪያ ቡናማ ደለል ይሠራሉ፣ ከሩቅም ክብ ይመስላል። ስትጠራጠሩ ከዚያ ቦታ በሉፕ (ጫፉ ቀለበት በሆነ ሽቦ) ጭራችሁ አዲስ ብሮዝ (ፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ) ውስጥ አሳድሩ፤ ከደፈረሰ ባክቴሪያው በሕይወት አለ።

አሁን ወደ አሳሳቹ ነገር ደርሰናል። ጭማቂው 18 ሚሊ ሜትር፣ ጄንታማይሲኑ 20 ሚሊ ሜትር ቢያወጡ «ከዘመናዊው መድኃኒት ጋር ተቀራራቢ ነው» ብሎ መጻፍ ያምራል። ሒሳቡን ግን ተመልከቱ፦ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ካለው ጭማቂ 100 ማይክሮ ሊትር ስትጨምሩ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው 10 ሚሊ ግራም ነው። ዲስኩ ላይ ያለው 10 ማይክሮ ግራም ነው። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ የክቡ ስፋት ንጥረ ነገሩ በአጋር ውስጥ በሚጓዝበት ፍጥነት ይወሰናል፤ ትልቅ ሞለኪውል ኃይለኛ ሆኖም ጠባብ ክብ ሊያወጣ ይችላል። ክብ የሚሠራውን ከማይሠራው ለመለየት ያገለግላል፤ ለማወዳደር አይሆንም።

ስታፊሎኮከስ ላይ ሠርቶ ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስ ላይ ቢደክም አትደነቁ። እነዚህ ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ብዙ ነገር የማያስገባ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸው።

ዝቅተኛውን የሚገታ መጠን ማግኘት

ክብ ያወጣው ወደዚህ ያልፋል። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ፣ በአንድ ረድፍ ከ1 እስከ 12 ባሉት ጉድጓዶች 100 ማይክሮ ሊትር ሙለር ሂንተን ብሮዝ አድርጉ። 0.4 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ከ0.6 ሚሊ ሊትር ብሮዝ ጋር ቀላቅሉ፤ በሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከዚህ 100 ማይክሮ ሊትር በመጀመሪያው ጉድጓድ ጨምሩ፣ አዋህዱ፣ 100 ወደ ሁለተኛው አዛውሩ፣ እንዲሁ እያላችሁ እስከ አሥረኛው ድረሱና የመጨረሻውን 100 ጣሉ። ባክቴሪያውን ለማቅጠን 0.1 ሚሊ ሊትር የማክፋርላንድ ብጥብጥ በ14.9 ሚሊ ሊትር ብሮዝ ላይ ጨምሩ፤ ከዚህ እስከ 11ኛው ጉድጓድ ድረስ 100 ማይክሮ ሊትር ስጡ። 12ኛው ባክቴሪያ የሌለው ንጹህ ብሮዝ ሆኖ ይቅር። የመጀመሪያው ጉድጓድ አሁን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፣ ቀጣዮቹ እየተከፈሉ ይወርዳሉ፤ ዲኤምኤስኦው ከ1 በመቶ አይበልጥም።

ካደረ በኋላ በየጉድጓዱ 30 ማይክሮ ሊትር 0.015 በመቶ ሬሳዙሪን (ሕያው ባክቴሪያ ሲኖር ቀለሙ የሚለወጥ ማቅለሚያ) ጨምሩና ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ጠብቁ። ሰማያዊ ሆኖ የቀረ ባክቴሪያው ተገትቷል፤ ሮዝ የሆነ በቅሏል። ሰማያዊ ከቀሩት የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን የምትፈልጉት ቁጥር ነው። አንዳንድ ጭማቂ ግን ያለ ባክቴሪያም ሬሳዙሪኑን ሮዝ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጭማቂና ብሮዝ ብቻ ያለበት አንድ ረድፍ ግዴታ ነው። ሰማያዊዎቹ የሞቱ መሆናቸውን ለማወቅ፣ ሬሳዙሪን ከመጨመራችሁ በፊት ካልደፈረሱት ጉድጓዶች 10 ማይክሮ ሊትር አዲስ አጋር ላይ አሳድሩ። የሚገድለው መጠን ከሚገታው አራት እጥፍ ካልበለጠ ጭማቂው ገዳይ ነው ይባላል።

በዘርፉ ብዙዎች ለጥሬ ጭማቂ በሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች የሆነውን ጠንካራ፣ ከ625 በላይ የሆነውን ደካማ ይሉታል። ደካማ ማለት ከንቱ ማለት አይደለም፤ ወፍራም ሆኖ ለሚቀባ መድኃኒት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ጠንካራም ደኅና ማለት አይደለም፤ በረኪናም ባክቴሪያ ይገድላል፣ ማንም ግን አይጠጣውም። የመርዛማነት ፍተሻ የራሱ ሥራ ነው፤ እሱ ሳይሠራ ለማንም «ጠጡት» ወይም «ሐኪም ያዘዘውን ተዉት» የሚል ቃል ከላቦራቶሪው አይውጣ።

ከሥራው በኋላ

ያገለገሉ ሳህኖች በአውቶክሌቭ ሳይመክኑ አይጣሉም። ጠረጴዛውና የፈሰሰው በ0.5 በመቶ ክሎሪን ይጸዳል፤ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ማቅጠን ነው።

ሪፖርቱ ላይ የሄርባሪየሙን ቁጥር፣ የተቆረጠበትን ወርና ከፍታ፣ የጭማቂውን ምርት፣ በጉድጓድ የገባውን መጠን በሚሊ ግራም፣ የእያንዳንዱን ማነጻጸሪያ ንባብና የሦስቱን ድግግሞሽ አማካይ ከነልዩነቱ ጻፉ። ያልሠራውንም ተክል ጻፉ፤ ባዶው ውጤት ከተደበቀ ሌላ ተማሪ ያንኑ ቅጠል እንደገና ይፈጫል።

ከዚያ ወደ አዋቂው ተመለሱ። ምን እንዳገኛችሁ በአማርኛ፣ ወይም እሳቸው በሚናገሩት ቋንቋ፣ ቁጥር ሳታበዙ ንገሯቸው። በላቦራቶሪው መንገድ ሠርቶ በእሳቸው መንገድ ካልሠራ፣ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ አዘገጃጀቱን እንደገና አብራችሁ እዩ። የተዘለለው ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ቅጠሉ ከመወቀጡ በፊት በእሳት ላይ መለብለቡ፣ ወይም ልውሱ ሌሊቱን ተከድኖ ማደሩ። ያገኛችሁትን ለውጥ መዝግባችሁ ያንኑ ተክል በአዲሱ አዘገጃጀት አዘጋጅታችሁ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሩ።